ላዩ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ፦ የፋይበር ዕቃ በዐይን ብቻ አይዳኝም

ጀበና ወይም እንስራ ልትገዛ ወደ ሶዶ ገበያ የወጣች እናት ዕቃውን አገላብጣ ካየች በኋላ፣ ገንዘቧን ከመፍታቷ በፊት በጣቷ አንጓ ታንኳኳዋለች። ጥርት ብሎ ከጮኸ ትገዛዋለች። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ላዩ የቱንም ያህል ቢያምር መልሳ ታስቀምጠዋለች። የወላይታን ሰንጋ የሚገዛ ነጋዴም በቆዳው ማማር ብቻ ዋጋ አይቆርጥም፤ ሻኛውን ይጨብጣል፣ ጎኑን ይዳብሳል። ለሸክላና ለሰንጋ ይህን ያህል የሚጠነቀቀው ገበያ፣ በመቶ ሺህዎች ብር የሚገመት የፋይበር ዕቃ ሲገበያይ ግን አብዛኛውን ጊዜ በቀለሙ ይፈርዳል።

ከዚህ የተነሣ ሁለት ዓይነት ኪሳራ ይደርሳል። አንደኛው የሻጩ ነው። ጀልባው ወይም የመኪናው አካል ጥቂት ስለተጫረ ብቻ ገዥው ይሸሻል፤ ደላላው ዋጋውን ያወርደዋል፤ ደህናው ዕቃ በርካሽ ይሄዳል። ሁለተኛው የገዥው ነው። ቀለሙ አዲስ፣ ገጹ እንደ መስተዋት የሚያበራ ዕቃ በውድ ይገዛና ውስጡ ተሰንጥቆ ይገኛል። ሁለቱም ኪሳራዎች ምንጫቸው አንድ ነው። ይኸውም በፋይበር ዕቃ ላይ የገጽ ጉዳትና የውስጥ ጉዳት እኩል አለመሄዳቸውን ገበያው በቅጡ አለመረዳቱ ነው።

በመሆኑም ያገለገለ የፋይበር ዕቃ ዋጋ በምርመራና በጽሑፍ ላይ ሊመሠረት ይገባል። ይህ የሚሆነው ሻጩና ገዥው ብቻ ሳይሆኑ በመካከል ያለው ደላላም የዕቃውን ጠባይ ሲያውቅ ነው።

የጭቃና የጭድ ነገር

በገበያ ቋንቋ «ፋይበር» የሚባለው ዕቃ በአሠራሩ ከጭቃ ቤት ብዙም አይርቅም። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭድ ብቻውን አይቆምም። ሁለቱ ሲቦኩ ግን ግድግዳ ይሆናሉ። በፋይበር ግላስ ውስጥ የጭዱን ሥራ የሚሠራው የመስተዋት ክር ሲሆን፣ የጭቃውን ቦታ የያዘው ሬዚን የተባለው ሙጫ ነው። በካርቦን ፋይበር ውስጥ ደግሞ ክሩ ከሰው ፀጉር አሥር እጅ ያህል የቀጠነ ካርቦን ነው። ክሩ ሸክሙን ይሸከማል፤ ሙጫው ክሮቹን አቅፎ ይይዛል። ዕቃው የሚሠራው በቀጫጭን ንብርብሮች፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተለጠፈ ነው።

የጭቃ ቤት ያለው ሰው ሌላም ነገር ያውቃል። ምርጊቱ ከመርገፉ ብዙ ቀን አስቀድሞ ከእንጨቱ ይላቀቃል። ከፊት ሲያዩት ግድግዳው ያው ግድግዳ ነው፤ ሲመቱት ግን ባዶነቱ ይሰማል። የፋይበር ዕቃ ዋነኛ በሽታም ይኸው ነው፤ ንብርብሮቹ ይላቀቃሉ፣ ገጹ ግን ዝም ይላል።

እዚህ ላይ ነጋዴው አስቀድሞ ሊለየው የሚገባ ጉዳይ አለ። በገበያ «ፋይበር» የሚባለው ሁሉ ፋይበር አይደለም። በየቤቱ ጣሪያና ግቢ የሚታየው ጥቁሩ የውሃ ሮቶ አብዛኛውን ጊዜ ክር የሌለው ፕላስቲክ ነው። የብዙ አውቶሞቢሎች መከላከያም እንዲሁ። ልዩነቱን ለማወቅ የዕቃውን ጀርባ ማየት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። እውነተኛ ፋይበር ግላስ ያልተቀባው ጀርባው ሸካራ ነው፤ የክሩ ሽመና ወይም የተበታተነ የክር ጉንጉን በዐይን ይታያል። ፕላስቲኩ ግን በሁለቱም በኩል ልስልስ ነው፤ በሙቀት ይቀልጣል፣ አጠጋገኑም የተለየ ነው። ይህን ሳይለይ ዋጋ የሚቆርጥ ደላላ፣ ናስና ወርቅ ሳይለይ ሚዛን የያዘ ሰው ይመስላል።

ብረት ይናገራል፣ ፋይበር ይደብቃል

የመኪና ነጋዴ ዐይኑን ያሠለጠነው በብረት ላይ ነው። ብረት ሲመታ ይጎደጉዳል፤ ጎድጉዶም ይቀራል። የጉድጓዱ ስፋትና ጥልቀት የምቱን ኃይል ይመሰክራል። ስለዚህ ብረት ላይ «ያየሁትን ያህል ነው የተጎዳው» ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም።

ፋይበር ግን ሲመታ ይለጠጥና ወደ ቦታው ይመለሳል። ገጹ ላይ የሚቀረው ምናልባት የጥፍር ታህል ስርጉደት ናት። አንዳንዴ እርሷም ከጊዜ ብዛት እየሞላች ትጠፋለች። በውስጥ ግን የምቱ ኃይል ወደ ታች ሲወርድ እንደ ጃንጥላ እየሰፋ ንብርብሮቹን ያላቅቃል። ስለዚህ ከፊት ትንሽ ነጥብ የሆነው ጉዳት ከኋላ የመዳፍ ስፋት ሊኖረው ይችላል። የአውሮፕላን መሐንዲሶች ይህን «በጭንቅ የሚታይ የምት ጉዳት» ብለው ለብቻው ይመድቡታል። የጥገና ሠራተኛ እጁ ላይ የነበረ መፍቻ ቢያመልጠው፣ ወይም የሻንጣ ጋሪ አውሮፕላኑን ገፋ ቢያደርገው የሚፈጠር ጉዳት ነው።

የተገላቢጦሹም እውነት ነው። የሚያስፈራ ረጅም ጭረት ምናልባት ቀለሙንና ከሥሩ ያለውን ልባስ ብቻ የነካ ይሆናል። በፋይበር ግላስ ጀልባ ላይ ጄልኮት የሚባለው ይህ ልባስ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ሥራው ማሳመርና ውሃ መከላከል እንጂ ሸክም መሸከም አይደለም። ክሩ ካልተነካ ጭረቱ የመልክ ጉዳይ ነው። ባጭሩ፣ በፋይበር ገበያ ውስጥ አስፈሪው ጉዳት ርካሽ፣ የማያስፈራው ደግሞ ውድ ሊሆን ይችላል።

ከንግሥተ ሳባ የሚገኝ ትምህርት

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ተረከበ። የዚህ አውሮፕላን ክብደት ግማሽ ያህሉ ከፋይበር ውሁድ የተሠራ ነው። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ አየር መንገዱ፣ ከግማሽ በላይ ክብደቱ ከዚሁ ቁስ የተሠራውን ኤርባስ ኤ350 ከአህጉሩ ቀድሞ አስገባ። ስለዚህ የአገሪቱ ትልቁ የፋይበር ሀብት የሚገኘው ቦሌ ነው ማለት ይቻላል።

ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ከነዚህ ድሪምላይነሮች አንዱ፣ «ንግሥተ ሳባ» የተባለው፣ ለንደን ሄትሮው ቆሞ ሳለ ጭራው አካባቢ እሳት ተነሣበት። መንገደኞቹ ቀደም ብለው ወርደው ስለነበር የሞተ ሰው የለም። አውሮፕላን ማረፊያው ግን ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ማኮብኮቢያዎቹን ዘጋ። የብሪታንያ የአውሮፕላን አደጋ መርማሪዎች በነሐሴ 2007 ዓ.ም. ባወጡት የመጨረሻ ሪፖርት፣ እሳቱ የተነሣው የአደጋ ጊዜ ምልክት ከሚያስተላልፈው መሣሪያ የሊቲየም ባትሪ መሆኑን ገለጹ። የባትሪው ሽቦዎች በክዳኑ ሥር ተጣብቀውና ተቆላልፈው በመገኘታቸው የኤሌክትሪክ ግንኙነት ተፈጥሮ ነበር። እሳቱ ከተነሣ በኋላም ሙጫው በሙቀት እየፈረሰ ለእሳቱ ማገዶ መሆኑንና እሳቱም ቀስ እያለ መስፋፋቱን ሪፖርቱ አስረድቷል።

ለገበያው ሰው ቁም ነገሩ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በየጋዜጣው ፎቶግራፍ ላይ የታየው በአውሮፕላኑ ጀርባ ላይ ከጭራው ፊት ለፊት ያለ የተቃጠለ ቦታ ነበር። ያን ፎቶግራፍ አይቶ «ይህ አውሮፕላን አለቀለት» ያለ ብዙ ነው። «ላዩ ነው እንጂ ምንም አልሆነም» ማለት የፈለገም አይጠፋም። ባለቤቱና ሠሪው ግን ከሁለቱም አልሆኑም። ጉዳቱ እስከምን ድረስ እንደዘለቀ ተመረመረ፤ ቦይንግም ጠገነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. አውሮፕላኑ እንደገና በረረ። ከእሳቱ እስከ ዳግም በረራው ያለው ጊዜ አምስት ወር ገደማ ነው።

እንግዲህ በመቶ ሚሊዮን ዶላር ደረጃ የሚገመት ንብረት የዳነው በዐይን ግምት ሳይሆን በምርመራ ነው። የእሳት ጉዳትና የምት ጉዳት አንድ አይደሉም፤ መርሁ ግን አንድ ነው። ይኸውም መጀመሪያ የጉዳቱን ወሰን ማወቅ፣ ዋጋና ውሳኔ ከዚያ በኋላ ማምጣት ነው።

አንድ ልዩነት ግን ሳይጠቀስ ማለፍ የለበትም። አውሮፕላን ሲነደፍ፣ በዐይን የማይለይ ጉዳት ቢኖርበትም ሙሉ ሸክሙን እንዲችል ታስቦ ነው፤ ደንቡ ያስገድዳል። ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲዞር ወደ ሶዶ የደረሰ ያገለገለ ጀልባ ግን እንዲህ ያለ ማስተማመኛ ይዞ አይመጣም። ስለዚህ የማይታየው ጉዳት ይበልጥ ሊያሳስበው የሚገባው የጀልባውን ገዥ ነው።

ገጹ ምን ይላል?

ገጹ ይደብቃል ሲባል ፈጽሞ አይናገርም ማለት አይደለም። ለሚያነብበው ሰው አምስት ምልክቶች አሉት።

አንደኛ፣ የኮከብ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ። ከአንድ ነጥብ ተነሥተው እንደ ጨረር የሚበተኑ ቀጫጭን ስንጥቆች ያ ቦታ መመታቱን ይጠቁማሉ። እንዲህ ያለ ስንጥቅ ሲታይ ወዲያውኑ የዕቃው ጀርባ መታየት አለበት። በጀርባው በኩል ክሩ ከነጣ ወይም ከተበጠሰ ጉዳቱ አልፏል ማለት ነው። ትይዩ ሆነው የተሰለፉ ስንጥቆች ደግሞ ያ ክፍል በሥራ ላይ ከመጠን በላይ እየተጣጠፈ መሆኑን ያመለክታሉ።

ሁለተኛ፣ የነጣ ቦታ። ቀለም ያልተቀባ ፋይበር ግላስ ብርሃን ያሳልፋል። ከኋላው የእጅ ባትሪ ቢበራ የተላቀቀው ንብርብር እንደ ደመና ነጥቶ ይታያል። በጥቁሩ ካርቦን ፋይበርና በወፍራም ቀለም ላይ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም።

ሦስተኛ፣ እብጠት። ለረጅም ጊዜ ውሃ ውስጥ የቆየ ጀልባ ከሆዱ በኩል እንደ ፈንጣጣ የሚመስሉ እብጠቶች ያወጣል። ውሃ በልባሱ ሰርጎ ከሙጫው ውስጥ ከሚገኙ ነገሮች ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ነው። አንዱ እብጠት ሲወጋ ሆምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ከወጣው ነገሩ ያው ነው። ብዙዎች ይህ የባሕር ጨው የሚያመጣው ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን ጨው የሌለው የሐይቅ ውሃ ከባሕር ውሃ ይልቅ ወደ ውስጥ ለመስረግ ይቀናዋል። ስለዚህ ከዓባያም ሆነ ከሐዋሳ የመጣ ጀልባ ሆዱ ሳይታይ መገዛት የለበትም።

አራተኛ፣ ብናኝ። ገጹን በእጅ ሲያብሱት ኖራ የመሰለ ዱቄት ከተወ ፀሐይ ልባሱን በልቶታል ማለት ነው። ይህ ብቻውን የሚያሰጋ አይደለም፤ ተወልውሎ ይመለሳል። ክሩ እንደ ፂም ብቅ ብቅ ካለ ግን ልባሱ አልቆ ውሃ መንገድ አግኝቷል።

አምስተኛው ምልክት ከሁሉም የሚያጠራጥር ነው፤ በአንድ በኩል ብቻ አዲስ የሆነ ቀለም። ዕቃው በሙሉ አርጅቶ አንድ መዳፍ ወይም አንድ ክንድ የሚያህለው ቦታ ብቻ ሲያበራ፣ ገዥው «ለምን?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ከስቱኮ ሥር ያለው

በፋይበር ጥገና ላይ ሁለት መንገድ አለ። ትክክለኛው መንገድ የተላቀቀውን ንብርብር እስከ ጤናማው ድረስ ፍቆ ማውጣት፣ ዳሩን እንደ ቁልቁለት ማስረግ፣ ከዚያ ክርና ሙጫ ንብርብር በንብርብር መመለስ ነው። በጀልባ ጥገና በሰፊው የሚሠራበት ልክ 12 ለ1 ነው። ጉዳቱ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ቢዘልቅ በዙሪያው 60 ሚሊ ሜትር መፋቅ አለበት ማለት ነው። ስለዚህ ትንሽ ቀዳዳ በትክክል ሲጠገን ሰፊ መጣፊያ ይሆናል። መጣፊያው ሰፍቶ ቢታይ ገዥውን ሊያስደነግጠው አይገባም፤ እንዲያውም የጥሩ ሥራ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ በስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሎ መቀባት ነው። ርካሽና ፈጣን ነው፤ መልኩም ያምራል። ነገር ግን ስቱኮ ውስጥ ሸክም የሚሸከም ክር የለም። በመታጠቢያ ገንዳ ላይ እንዲህ ያለ ጥገና ቢደረግ ጉዳቱ ውሃ ማንጠባጠብ ነው። ሰው ጭኖ ሐይቅ መሀል በሚገባ ጀልባ ላይ ሲሆን ግን የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ያገለገለ የሞተር ሳይክል ሄልሜትም ከዚሁ ወገን ነው። ፋይበር ግላስ የሆነ ሄልሜት አንድ ጊዜ በኃይል ከተመታ፣ ቅርፊቱም ከውስጥ ያለው ፎሙም ሥራቸውን ጨርሰው ሊሆን ይችላል። ቀለሙ ተለውጦ ለሽያጭ የቀረበ ያገለገለ ሄልሜት በምንም ዋጋ ርካሽ አይደለም።

ማንኳኳትና ወሰኑ

የሸክላ ገዥዋ ዘዴ በአውሮፕላን ጥገና ቤቶችም የሚሠራበት ነው ቢባል የሚገርመው ይኖራል። ዛሬም ድረስ ባለሙያዎች የፋይበር ገጽን በሳንቲም ወይም በትንሽ መዶሻ ያንኳኳሉ። ጤናማው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተላቀቀው ቦታ ዱብ ይላል። ደንቡ ቀላል ነው። ከተጠረጠረው ቦታ ሳይሆን ጤናማ ከሆነው ቦታ መጀመር፣ በሁለትና በሦስት ሳንቲ ሜትር ልዩነት እየመቱ መጓዝ፣ ድምፁ የተለወጠበትን ዳር በጠመኔ ማክበብ ነው። ሲጨርሱ በጠመኔ የተከበበው ስፋት የጉዳቱ ካርታ ይሆናል። የገዥውና የሻጩ ክርክርም «ያምራል፣ አያምርም» ከሚለው ወጥቶ ወደ ሳንቲ ሜትር ይመጣል።

ዘዴው ወሰን አለው። ዕቃው ወፍራም ከሆነ ከጥልቁ ያለውን መላቀቅ አይናገርም። ከጀርባው ማጠናከሪያ አውታር ካለ ድምፁ ሳይጎዳም ይለወጣል። የገበያ ጫጫታ ባለበት ቦታ ደግሞ ጆሮ ይሳሳታል። ለዚህ ነው ትላልቅ ንብረቶች ላይ አልትራ ሳውንድ የሚያስፈልገው። በኦቶና ሆስፒታል ነፍሰ ጡር እናት የምትታይበት መሣሪያና የፋይበር መመርመሪያው መርሃቸው አንድ ነው፤ ድምፅ ወደ ውስጥ ይላካል፣ ከንብርብር ሲጋጭ ይመለሳል። በአውሮፕላን ማቆሚያ ላይ መሐንዲስ ያልሆነ ሠራተኛም ሊጠቀምባቸው የሚችል በእጅ የሚያዙ ትናንሽ መሣሪያዎች አሉ፤ መልሳቸው «ደህና ነው» ወይም «በባለሙያ ይታይ» የሚል ብቻ ነው።

ከአውሮፕላን ውጭ በአገር ውስጥ ሌላም ምሳሌ አለ። በአዳማ የሚገኙት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች 136 ተርባይኖች ሲኖሯቸው፣ እያንዳንዱ ሦስት ክንፍ ይዞ ይሽከረከራል። 408 ክንፎች ማለት ነው። የእነዚህ ክንፎች ገጽ በዝናብ፣ በአቧራና በመብረቅ ይጎዳል፤ በተለይ ነፋሱን የሚቀድመው ጠርዝ ቶሎ ይፋቃል። ጠርዙ ሲሻክር የሚመነጨው ኃይል ይቀንሳል። እንግዲህ የገጽ ጉዳትን በጊዜው መርምሮ ማወቅ የገቢ ጉዳይ ጭምር ነው።

ዋጋው እንዴት ይቆረጥ?

ለምሳሌ ያህል አንድ ያገለገለ የፋይበር ጀልባ በ400 ሺህ ብር ለሽያጭ ቀረበ እንበል። ጎኑ ላይ ረጅም ጭረት አለው። ገዥው ፈርቶ 300 ሺህ ይላል፤ ሻጩ ቸግሮት ይሰጣል። ጭረቱ ልባሱን ብቻ የነካ ሆኖ በ15 ሺህ ብር ቢወለወል፣ ሻጩ 85 ሺህ ብር በከንቱ ጥሏል። ሁለተኛው ጀልባ ደግሞ ቀለሙ አዲስ ስለሆነ ያለ ክርክር በ400 ሺህ ተሸጠ። በሁለተኛው ወር ሆዱ ተላቀቀና እውነተኛ ጥገና 120 ሺህ ብር ጠየቀ። አሃዞቹ ለማስረዳት የቀረቡ ናቸው። ስሌቱ ግን በየትኛውም ዋጋ ላይ ይሠራል፤ ለአንድ ሰዓት ምርመራ የሚወጣው ገንዘብ ከሁለቱም ኪሳራዎች ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

አንዳንድ ደላሎች «ምርመራ ንግድን ያጓትታል፤ ገዥ ዐይኑን ይዞ ይምጣ» ይላሉ። ይህ አባባል ለብረትና ለእህል ያስኬድ ይሆናል፤ ለፋይበር ግን አያስኬድም። ምክንያቱም ከላይ እንደተገለጸው ዐይን ከልባሱ አያልፍም። ሕጉም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ከነሱ ጋር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያደርጋል። ተዋዋዮች ይህን ዋስትና በውል ሊያስቀሩት ይችላሉ፤ ሆኖም ጉድለቱን እያወቀ የሸሸገ ሻጭ በእንዲህ ያለ ቃል አይድንም። በሌላ በኩል ገዥውም ዕቃውን ሲረከብ ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ እንዲያሳውቅ ይጠበቅበታል። በስቱኮ የተሸፈነ ስብራት የሻጩን ኃላፊነት፣ ሳይንኳኳ የታለፈ ሆድ ደግሞ የገዥውን ቸልተኝነት ይጠቅሳል። ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ በመካከል የቆመው ደላላም ስሙ ሳይነሣ አይቀርም።

ስለዚህ በሽያጭ ውሉ ላይ አራት መሥመር ቢጨመር ይበቃል። ዕቃው ከዚህ በፊት ተመትቶ ወይም ተጠግኖ እንደሆነ፣ ጥገናው በስቱኮ ይሁን በክር፣ ምርመራው በምን ዘዴ እንደተደረገና የተገኘው የጉዳት ስፋት። በብድር ዋስትና ወይም በመድን ሰነድ ላይም ይኸው ቢጠየቅ ባንኩና መድን ድርጅቱ የሚያገኙት ጥቅም ከነጋዴው አያንስም።

ሶዶ ምን ታተርፋለች?

ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። የወላይታ ዞን በደቡብ በኩል የዓባያን ሐይቅ ይነካል። በምዕራብ በኩል ደግሞ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ ሦስት ግድብ ከወላይታና ከዳውሮ መካከል ረጅም ሰው ሠራሽ ሐይቅ ፈጥሯል። ሐይቅ ባለበት ጀልባ አለ፤ ከተማ በሚያድግበት ሆቴል፣ መዝናኛና ሞተር ሳይክል አለ። እነዚህ ሁሉ የፋይበር ዕቃ ይዘው የሚመጡ ናቸው። አብዛኛው ደግሞ አዲስ ሆኖ ሳይሆን በሌላ ቦታ አገልግሎ የሚመጣ ነው።

ይህን የሚመረምር እጅ ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ያስተምራል፤ የምህንድስና ትምህርትም ይሰጣል። ዩኒቨርሲቲው በተመጣጣኝ ክፍያ የምርመራ ወረቀት የሚሰጥበትን አገልግሎት ቢከፍት ተማሪው ልምድ፣ ነጋዴው መተማመኛ ያገኛል። አየር መንገዱ እነዚያን አውሮፕላኖች ይዞ በቆየባቸው ዓመታት በፋይበር ላይ የሠለጠኑ የአገር ልጆች ቦሌ ውስጥ መኖራቸውም መዘንጋት የለበትም። ዕውቀቱ አገር ውስጥ አለ። ወደ ገበያው ያልወረደው ጠያቂ በማጣቱ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። የወላይታ ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ከቆጮው ጎን የሚያወጡት ቃጫ ለገመድና ለከረጢት ሲያገለግል የኖረ ነው። አሁን ደግሞ የአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ይህን ቃጫ ከሙጫ ጋር አዋሕደው የመስተዋት ክርን በከፊል ለመተካት እየሞከሩ ነው። ሙከራው ወደ ፋብሪካ ቢሸጋገር ለአካባቢው ትልቅ ዕድል ነው። ነገር ግን የዕፅዋት ክር ከመስተዋት ይልቅ እርጥበት ይስባል፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲያብጥ ከሙጫው ይላቀቃል። እንዲህ ባለው ዕቃ ላይ የገጽ ጭረት ቶሎ ካልተዘጋ ለውሃ በር ይከፍታል። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ ገንዘቡን ሊያፈስ የሚያስብ ባለሀብት ከማምረቻው ጎን መመርመሪያውንም ማቀድ ይኖርበታል።

ገበያ የሚቆመው በመተማመን ነው። የእህል ነጋዴ ጆንያውን ወግቶ ያያል፤ የቡና ነጋዴ ይቀምሳል፤ የሰንጋ ነጋዴ ይዳብሳል። የፋይበር ነጋዴም የራሱ ደንብ ሊኖረው ይገባል። ጀርባውን አይቶ፣ ገጹን አንኳኩቶ፣ ያገኘውን ጽፎ የሚሸጥ ሰው አንድ ገዥ ቢያመልጠው ሦስት ይመጡለታል። ቀለም ቀብቶ የሚሸጥ ግን የሚያተርፈው እስኪታወቅ ድረስ ብቻ ነው።